ምድጃው ላይ የፈላው ቡና

ንግሥት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ ሦስት ወሬ ተነሣ። አንዱ መርዝ ተሰጣቸው አለ። ሌላው ታምመው ሳሉ ቀዝቃዛ ጠበል ገብተው ነው አለ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት አንቺም በሚባል ቦታ በጦርነት የተገደሉት የቀድሞ ባለቤታቸው የራስ ጉግሣ ወሌ መርዶ ነው የጣላቸው አለ። ክርክሩን የሚዘጋ የላቦራቶሪ ወረቀት ስለሌለ ዛሬም ለየወሬው የሚምል አይጠፋም።

ልማዱ አልለቀቀንም። ሰው በድንገት ሲሞት «አብልተውት ነው»፣ «መድኃኒት አቅምሰውት ነው» ይባላል፤ ድንኳኑ ሳይተከል ጥፋተኛው ይታወቃል። ከዓመታት በፊት የሄድኩበት አንድ ልቅሶም እንዲሁ ነበር። በጠባብ የኪራይ ክፍል ብቻዋን ትኖር የነበረች ወጣት ማታ ጓደኛዋ ቤት እራት በልታ ተመለሰች፤ ጠዋት አልነቃችም። የሴቶቹ ዓይን ጓደኛዋ ላይ አረፈ። ያስመለሰችበት አንሶላ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የክፍሉ በርና መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክረምት ነበርና ሌሊቱን ስትሞቅበት ያደረችው የከሰል ምድጃ ወደ ግቢው ወጥቶ፣ አመዱ ተራግፎ፣ ለለቀስተኛው ቡና ይፈላበት ነበር።

የመርዝ ምርመራ ባለሙያ እዚያ ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚያ ምድጃ ነበር። በተዘጋ ክፍል ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከራሱ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰው ከሞተ በኋላም ከደሙ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ በመርፌ የሚወሰድ ጥቂት ደም ብዙ ይናገር ነበር። መማሪያ መጻሕፍቱ ቆዳው ደማቅ ቀይ ይሆናል ይላሉ፤ ነጭ ቆዳ በሚያዩ ሰዎች የተጻፈ ነው። ጠቆር ያለ ሰው ላይ ከንፈር መገልበጥ፣ ጥፍር ሥር ማየት ያስፈልጋል። ከሰሉ ገደላት ብዬ አልምልም። እንዲያ ካልኩ ከሴቶቹ በምን እሻላለሁ?

ብዙ ሰው «ደሙ ይመርመር» ሲል፣ ደም ከገባበት ማሽን የመርዙ ስም ተጽፎ የሚወጣ ይመስለዋል። ለመርዝ ሁሉ የሚሆን አንድ ምርመራ የለም። የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚፈለግበት መንገድ የእንቅልፍ ክኒን ከሚፈለግበት ይለያል፤ ያልተፈለገ ደግሞ አይገኝም። ፍለጋውን የሚመራው ከቤቱ የተገኘው ነገር ነው፦ ብርጭቆው፣ ባዶው የክኒን ጠርሙስ፣ አንሶላው። እኛ ደግሞ ለክብር ብለን በመጀመሪያ የምናጥበው እነሱኑ ነው።

የተገኘውም ቢሆን ካልተጠበቀ ይጠፋል። በ1833 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወጣት አያቱን ቡና ውስጥ በተጨመረ አርሴኒክ ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ኬሚስቱ ጄምስ ማርሽ አርሴኒኩን አገኘ፤ ማስረጃው ግን ዳኞቹ ፊት እስኪደርስ ተበላሽቶ ነበርና ተከሳሹ ነፃ ወጣ። ኋላ ግን ድርጊቱን አመነ። በነገሩ የተናደደው ማርሽ በ1836 አርሴኒኩ ሸክላ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ምልክት ጥሎ የሚቀርበትን ዘዴ ይፋ አደረገ።

አልኮል ቀላል ይመስላል፤ በአስከሬን ላይ ግን እሱም ያታልላል። ገላው ሲቆይ ተሕዋስያን ራሳቸው አልኮል ይሠራሉ፤ ምንም ያልቀመሰ ሰው ጠጥቶ የሞተ ሊመስል ይችላል። ከልብ አካባቢ የተቀዳ ደምም ከጨጓራና ከጉበት በሚሰርገው ስለሚዛባ ከጭን ሥር የተወሰደ ይመረጣል፤ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ ደግሞ ለማመሳከሪያ ይያዛል። «ሰክሮ ነበር» የሚል ወረቀት ሲመጣልኝ እኔ የማነበው ደሙ ከየት፣ ከሞተ በስንት ሰዓቱ ተቀዳ የሚለውን ነው። የቤተሰብ ስምና ካሣ የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነውና።

ሜታኖል በሚባል መርዛማ የአልኮል ዓይነት የተበረዘ አረቄ ደግሞ የጠጡትን ሰዎች አያስቸኩልም። ጉበት ቀስ ብሎ ፎርሚክ አሲድ ወደሚባል ነገር ይለውጠውና፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ዓይን ይጋርዳል፤ ያን ጊዜ ጠርሙሱ ተጥሏል። ሐኪም ለክተው ከሚሰጧቸው ማርከሻዎች አንዱ ተራው አልኮል መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።

ልጅቷ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረች። ጓደኛዋ ከሰዉ ራቅ ብላ ብቻዋን ቆማ ነበር። ከቀብር መልስ እኔም ምድጃውን አየሁት፤ የተቀዳልኝን ቡና ጠጥቼ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ ወጣሁ።