ለማይፈታ ፊት የቀረበ ውዳሴ

የፓስፖርት ፎቶ ላይ ፈገግታ በብዙ አገር አይፈቀድም። ሌላው አገር ሰው «አይሳቁ» ተብሎ ተነግሮት ነው ፊቱን የሚያስተካክለው። የአዲስ አበባ ሰው ግን እንዳለ መጥቶ ይቀመጣል፤ ፎቶ አንሺው ቃል ሳያወጣ ሥራው ያልቃል።

ፊት ባለመፍታት በፊልሙ ዓለም ስም ያተረፈው አሜሪካዊው ኮሜዲያን በስተር ኪተን ነው። በልጅነቱ መድረክ ላይ አባቱ እያነሳ ሲወረውረው፣ እሱ ከሳቀ ተመልካቹ እንደሚቀዘቅዝ፣ ከኮሰተረ ደግሞ አዳራሹ በሳቅ እንደሚፈርስ ገባው። እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣ ፊልሙ የቤት ግድግዳ እንዳለ ወደቀበት፤ የተረፈው የመስኮቱ ክፍተት ላይ በልክ ስለቆመ ነው። ግድግዳው የእውነት ነበር። ፊቱ ንቅንቅ አላለም። ጎበዝ ነው፣ አይካድም፤ ግን ምስኪኑ ይህን ሁሉ የለፋው ሰው ለማሳቅ! የእኛዎቹ ያለ ካሜራ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምረው ይሠሩታል።

በቅርቡ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ተሰልፌ ነበር። መስኮቱ ጋ ስደርስ «እንደምን አደሩ?» አልኩ። ልጅቷ ወረቀቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ግድግዳውን አየች፤ ለሦስታችንም ያሳየችን ፊት አንድ ነው። እንዲህ ያለ እኩልነት የት ይገኛል?

«ሲስተም የለም።»

ከጀርባዋ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከኋላዬ የነበሩ አዛውንት «ልጄ፣ መቼ ይመጣል?» አሏት።

«አይታወቅም።»

ሐዘን የለ፣ ይቅርታ የለ፣ ሌላው ቀርቶ ንዴት እንኳ የለ። ይኼኔ ስልኳ ጠራ። «ወዬ የኔ ቆንጆ!» ጥርሷ በሙሉ ብልጭ አለ፤ ጉንጯ ላይ ስርጉድ እንዳላትም ያን ጊዜ አወቅን። ስልኩ ሲዘጋ ፊቷም አብሮ ተዘጋ። አዛውንቱ አንዴ ቀና ብለው ንጉሥነታቸውን አነበቡና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ታክሲ ውስጥ ያለውን አላነሳም። ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ከፒያሳ ሜክሲኮ ድረስ እንደማይተዋወቅ መጓዝ የሁላችንም ሙያ ነው።

ብሔራዊ ቴአትር ደጅ ግን ቆም ማለት አለብኝ። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የሠራው የድንጋይ አንበሳ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ነው፤ ፊቱን አንድ ቀን ፈትቶ አያውቅም። እሱስ ድንጋይ ነው። የእኔ አድናቆት ኮሜዲ ሊያይ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ እጁን አጣምሮ፣ «እስቲ ታስቀኝ እንደሆነ» በሚል ፊት ለሚቀመጠው ጋሼ ነው። መድረክ ላይ ያለው ልጅ ላብ በላብ ይሆናል፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይንፈራፈራል፤ ጋሼ ወይ ፍንክች። ሲያልቅ ወደ ሚስቱ ዘንበል ብለው «ያስቃል» ይሏታል። ሳቃቸውን ለቤት አስቀርተው እንዳይባል፣ እቤት ደግሞ አባወራ ናቸው።