ባጃጅ ነጂውንም ጠይቁት

በእናቶች ሞት ላይ የሚሠራ ጥናት በአገራችን ሞልቷል። አካሄዱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መጠይቁ ከተማ ተዘጋጅቶ ያልቃል፤ መረጃ ሰብሳቢው ታብሌቱን ይዞ ቀበሌ ይገባል፤ «የት ወለድሽ? ጤና ጣቢያ ለምን አልሄድሽም?» ብሎ ሞልቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወሬውም አይሰማ።

ለውጥ አልመጣም አልልም። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 100 ሺህ ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 412 ሆኗል። በጤና ተቋም የሚደረገው ወሊድም በ2016 ከነበረበት 26 በመቶ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ግማሹ ግን ያኔም ቤት ነበር።

ባለሙያዎቹ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ፦ ለመሄድ እስኪወሰን፣ መንገድ ላይ፣ ተቋሙ ከተደረሰ በኋላ። እስቲ እያንዳንዱን ማን እንደሚያውቀው አስቡት። ውሳኔው ላይ ባል አለ፣ አማት አለች። መንገዱን የሚያውቀው ባጃጅ ነጂው ነው። የትኛው ወንዝ ክረምት ላይ እንደማያሻግር፣ ከየት ጀምሮ በቃሬዛ ካልሆነ እንደማይኬድ ከእሱና ከተሸካሚዎቹ ጎረምሶች በላይ የሚናገር የለም። ሦስተኛውን አዋላጇ ነርስ ታውቀዋለች፤ «ዘመድ አይገባም» የሚለው የበር ጥበቃም ያውቀዋል። መጠይቁ ሲረቀቅ ግን አንዳቸውም አልተጠሩም።

የአራስ ገንፎውን ለምሳሌ ውሰዱ። እናቶች ተቋም መውለድ የሚሸሹት በርቀት ብቻ አይደለም። ብቻቸውን ቀዝቃዛ አልጋ ላይ መጋደምን፣ «ማርያም ማርያም» የሚላቸው ሰው ማጣትን ይፈራሉ። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ቆይተው ገንፎና ቡናውን ግቢያቸው አስገቡት። ይህን ለማወቅ እኮ አንዲት አራስ ጠያቂ ትበቃ ነበር!

ኔፓል ውስጥ ማክዋንፑር በሚባል ወረዳ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት መንገዱን ገልብጦታል። የአካባቢው ሴቶች በየወሩ ተሰበሰቡ። መሪዋም ከዚያው ሰፈር የወጣች እንጂ የጤና ባለሙያ አልነበረችም። ችግሩን ራሳቸው ለዩ፤ መላውንም ራሳቸው አመጡ። ለወላድ የሚሆን ገንዘብ አዋጡ፣ ቃሬዛ አዘጋጁ። የጨቅላ ሕፃናት ሞት ስብሰባው ካልነበረባቸው አካባቢዎች በ30 በመቶ ያነሰ ሆነ። እናቶችም ስብሰባው በነበረበት 2፣ ባልነበረበት 11 ሞቱ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አያስፎክርም፤ ችላ የሚባልም አይደለም።

ሁሉንም አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ሻይ ቡና ማለት ግን መፍትሔ አይሆንም። ምራት አማቷ ፊት ምን ትላለች? አዋላጇስ አለቃዋ ተቀምጦ? የዕድሩ ሰብሳቢ ከተናገረ በኋላ የሚደፍር ስንቱ ነው? ለየብቻ አስቀምጧቸው። የከተማው ሰው አበል እየተቆረጠለት የገጠሯ እናት የገበያ ቀኗን በነፃ የምትሰጥበት ነገርም ይቅር። የእሷም ቀን ዋጋ አለው።

የጥናት ፈቃድ የሚሰጡ ቦርዶች የፈቃደኝነት ቅጹን በደንብ ይመረምራሉ። አንድ ነገር ይጨምሩበት፦ ጥያቄዎቹን ያወጣው ማን ነው? ከቀበሌው ማን ነበረበት? ውጤቱ ለእነዚያው ሰዎች መቼና በማን እንደሚነገርም ከወዲሁ ይጻፍ፤ በጀትም ይያዝለት።