ለዕጣ ሲሉ የተፋቱ ይመስገኑ

አዲስ አበባ በመንግሥት ዕጣ ለሚደርስ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲል ትዳሩን መሥዋዕት የሚያደርግ ጀግና አላጣችም። "ባልና ሚስት ሁለት ቤት ሊኖራቸው አይችልም" ሲባል ሰምተው ልደታ ፍርድ ቤት አብረው ሄደው፣ ተፋተው፣ አብረው ለምሳ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ባልና ሚስት ሐውልት ቢቆምላቸው አይበዛባቸውም።

ደርግ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው አዞ ትርፉን ወረሰ። ዛሬ ያ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የንብረት መብት ሲሰጥ ያገባና ያላገባ ብሎ አይለይም፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በላዩ የተሠራው ቤት የባለቤቱ ነው። ባልና ሚስት በገንዘባቸው ካዛንቺስ አንድ፣ ፒያሳ አንድ ቢገዙ ቆጣሪ አይመጣባቸውም። እንደ አንድ ሰው የሚቆጠሩት መንግሥት ሠርቶ በዕጣ ለሚያድለው ኮንዶሚኒየም ሲሰለፉ ነው። የሰውን ላብ መቁጠርና ድጎማን ማካፈል ለየቅል መሆኑን ግን ለጀግኖቻችን ማን ይንገራቸው!

እናም ሥራ ይጀመራል። ሰነፎቹ "ያላገባ" የሚል ማስረጃ ያወጣሉ፤ ሠርጋቸው ላይ ቅልጥም የጋጡት ሚዜዎች ቀርበው "ነጠላ ነው፣ እናውቀዋለን" ብለው ይፈርማሉ። (ሐሰተኛ ማስረጃ ወንጀል መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ድግስ ማደፍረስ ነው።) ጠንቃቆቹ ግን በስምምነት ይፋታሉ። የንብረቱንና የልጆቹን ጉዳይ ጽፈው ለችሎት ያቀርባሉ፤ ዳኛው ያግባባቸዋል፤ እምቢ ካሉም እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። እነሱም በአንድ አልጋ ላይ ሆነው ያስቡበታል። ከዚያ ሚስት ለሴቶች በተለየው ድርሻ፣ ባል በቀረው ዕጣቸውን ይጠብቃሉ። ዘዴ ማለት ይህ ነው!

አሁን ወደ ሒሳቡ። "ያላገባ" የሚለው ወረቀት ትዳር አያፈርስም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 63 በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበውንም ንብረት፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ የጋራ ነው ይላል። የጋራ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። "ነጠላው" ባል ብቻውን ከሸጠው ሚስት ባወቀች በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ትችላለች። ገዢ ሆይ፣ ሳትጠራ የድሉ ተካፋይ ሆነሃል!

በችሎት የተፋቱትስ? እንደ ባልና ሚስት አብረው እየኖሩ 3 ዓመት ከሞላቸው በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሁሉ ተመልሶ የጋራ ይሆናል። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ እስከ 5 ዓመት አይሸጥም። የወረቀቱ ፍቺ ከቤቱ ቀድሞ ያረጃል ማለት ነው። 3 ዓመቱ ሳይሞላ ቸኩለው ዳግም ጋብቻ የተፈራረሙማ ይበልጥ ይመስገኑ፤ ከጋብቻ በፊት የተገኘ ቤት በአንቀጽ 57 የባለስሙ የግል ሀብት ሆኖ ይቀራል። የባንክ ክፍያውን በየወሩ አብሮ ሲገፋ የከረመው ወገን ደረሰኙን ታቅፎ ይከራከር።

ባል ዳግም ሳይፈራረም ቢሞትስ? ሕጋችን ያለ ኑዛዜ የትዳር ጓደኛን እንኳ ወራሽ አያደርግም፤ ሚስት የምትይዘው የጋራ ሀብት ግማሿን ነበር። አሁን እሷንም ለማግኘት አብረው መኖራቸውን በምስክር ታስረዳለች። የሞተው ሰው ባሏ ሳይሆን የቀድሞ ባሏ ነውና የጡረታ አበሉ ነገርማ በጡረታ ቢሮው መስኮት ላይ ሳያከራክራት አይቀርም።