«ስንት ገባህ?» ከማለታችሁ በፊት

ግማሽ ማራቶን ሮጥኩ ስትሉ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው። «ስንት ገባህ?» የት እንደሮጣችሁ የሚጠይቅ የለም። ቫሌንሺያ ሩጡ፣ ሽሮ ሜዳ ሩጡ፣ ሰው የሚፈልገው ቁጥሩን ነው። እኔም ራሴን የምጠይቀው እንደዚያው ነበር። ስድስት ኪሎ ላይ ዋጋዬን እስካገኝ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዋሳ ላይ 21 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ገብቼ ነበር። ሐዋሳ ሜዳ ነው፣ ከፍታውም ከአዲስ አበባ በብዙ ያንሳል። ከዚያ መልስ ሸገር መሀል ላይ የራሴን ግማሽ ማራቶን በ2 ሰዓት ልግባ አልኩ። ከጥድፊያ ይልቅ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ወዲያው አስልቶ ሰጠኝ፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ። ሒሳቡ ልክ ነው። 2 ሰዓትን ለ21.0975 ኪሎ ሜትር ብታካፍሉት የሚወጣው ያው ነው። ግን አፑ የቤተ መንግሥቱን ዳገት አያውቀውም።

የመረጥኩት መንገድ ከመስቀል አደባባይ ይነሳል። በአፍሪካ አዳራሽ፣ በሒልተን፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር አድርጎ አራት ኪሎ ይወጣል፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ። ስድስት ኪሎ ዞሮ ወደ አራት ኪሎ ይመለሳል፣ ዝቅ ብሎ ከፍ እያለ ፒያሳ ይደርሳል፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቸርችልን ቁልቁል ወርዶ በለገሃር መስቀል አደባባይ ይገባል። ሁለት ዙር ወደ 21 ይጠጋል። የጎደለችውን አደባባዩ ላይ ትሞላላችሁ። በእያንዳንዱ ዙር ከመቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ፤ ያውም መነሻው ራሱ 2,300 ሜትርን ባለፈ ከተማ። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ከተማ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ለምደነዋል እንላለን። ለምደነዋል፣ ግን በነፃ አልተሰጠንም።

በመጀመሪያው ሙከራዬ አፑን አምኜ ስድስት ኪሎን በ24 ደቂቃ ያዝኩ። ደረቴን ነፍቼ። ሁለተኛው ዙር ላይ ያው ዳገት 29 ደቂቃ ፈጀብኝ። ቤተ መንግሥቱ አጥር ጋ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስቆም ጥበቃው ከሩቅ ተመለከተኝና በእጁ ምልክት ሰጠኝ። «ወንድም፣ ቀጥል!» የማበረታቻ አልነበረም፤ እዚያ መቆም ስለማይቻል ነው። በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገባሁ።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። በዚህ ከተማ «በኪሎ ሜትር ይህን ያህል» ተብሎ የሚወጣ የሰዓት ዕቅድ ገና ከወረቀቱ ላይ የተበላሸ ነው። ሰዓት መያዝ ጥሩ ነገር ነው፤ ያለ ሰዓት እኔ በበኩሌ ከአልጋዬም አልነሳም። ግን ሰዓቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሠፈር መቆረጥ አለበት። ስድስት ኪሎ በስንት፣ ፒያሳ በስንት፣ ለገሃር በስንት።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የሚነገረን ስለ ባዶ እግሩ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ከውድድሩ በፊት ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን ዞሮ አይቶታል። ወደ መጨረሻው ገደማ ያኔ ሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት አለ፣ አጠገቡም ቀለል ያለ ዳገት። ማምለጫው እዚያ እንዲሆን ተወሰነ። እንደተወሰነውም ሆነ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። አበበ የሮጠው በሐውልት እንጂ በኪሎ ሜትር ብቻ አልነበረም። እኛ ደግሞ በገዛ ከተማችን ከስልካችን ላይ ዓይናችንን አንነቅልም።

የዩሚፍ ቀጀልቻን የግማሽ ማራቶን ሰዓት፣ 57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ነው። የለተሰንበት ግደይን 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድም እንዲሁ፣ በ2021። ሁለቱም የተመዘገቡት ስፔን፣ ቫሌንሺያ ነው። ባሕር ዳር ያለ፣ ለጥ ያለ መንገድ። እነዚህ ሰዎች ልምምዳቸውን እንጦጦና ሰንዳፋ ሠርተው ሰዓቱን የሚያመጡት ሌላ ቦታ ሄደው ነው። የእኛ የአማተሮቹ ጉድ ግልባጩ ነው፦ የቫሌንሺያን አሯሯጥ ይዘን አራት ኪሎን እንወጣለን።

ወደ ሁለተኛው ዕቅዴ ልመለስ። ወረቀቷን አሁንም ይዣታለሁ፣ በላብ ደብዝዛለች። ስድስት ኪሎ 26 ደቂቃ። አራት ኪሎ መልስ 34። ፒያሳ 42። ለገሃር 55። መስቀል አደባባይ 60። በዳገቱ ላይ ከአፑ ዕቅድ 2 ደቂቃ ያህል እበደራለሁ፣ አብዛኛውን ቸርችል ላይ እከፍላለሁ። አበዳሪውም ተበዳሪውም እኔ ነኝ፣ ወለድ የለውም ብዬ አሰብኩ። ወለዱን ኋላ አየሁት።

ዳገቱ ላይ ሰዓት ማየት ለራሴ ከለከልኩ። መለኪያዬ ትንፋሼ ሆነ። «እንደምን አደሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ሳልቆራርጥ ማለት ከቻልኩ ፍጥነቱ ደህና ነው። «እንደምን» ላይ ከቀረሁ ፈጥኛለሁ። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች ሰላምታዬን ሲመልሱ ልምምድ መሆኑን አያውቁም። አንዷ ቆም ብለው «ደህና ነህ ልጄ?» ብለውኛል።

ልምምዱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ዋለ። የነቢያት ጾም ነበር፤ ስለ ምግቡ ብዙ የሚባል የለኝም። በሶ፣ ቴምር፣ ማታ ሽሮ። ሠራልኝ። በሳምንት አንድ ቀን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ እየደጋገምኩ እወጣ ነበር። አንድ ቀን ረዥም ሩጫ። ሌላው ቀን ቀስ ያለ ሶምሶማ። የእግረኛው መንገድ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሰፍቷል፤ ሌላውን ክርክር ለሌላ ቀን ትቼ፣ እንደ ሯጭ ይህን ማመስገን አለብኝ። ቁርጭምጭሚቴን ያጠፍኩበት የድሮው ጉድጓድ አሁን የለም።

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ማለዳ የማገኛቸው ጋሼ አሉ። ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ቱታቸው ከእኔ ዕድሜ አይተናነስም። ዕቅዴን ነገርኳቸው። ወረቀቷን ራቅ አድርገው አነበቡና «ልጄ፣ መውጫውን ጽፈሃል። መውረጃውን ማን ይወርድልሃል?» አሉኝ። ሳቅኩ። ቁልቁለት ደግሞ ምን ልምምድ ያስፈልገዋል?

የጥምቀት ማግስት እሑድ ነው የሮጥኩት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። በጃንሜዳ በኩል የመጣ ሰው ጫማ ያመጣው ቄጠማ ስድስት ኪሎ አካባቢ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በብስክሌት ውኃ ይዞልኝ ነበር። የመጀመሪያው ዙር እንደ መጽሐፍ ሄደ። ስድስት ኪሎ 26 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። መስቀል አደባባይ 59 ደቂቃ ከ50። ባልደረባዬ «በልተኸዋል!» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ሁለተኛው ዳገትም አላሳፈረኝም። 27 ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ብትጎድል ቸርችል አለ። ፒያሳ ስደርስ ማዘጋጃ ቤቱን በጀርባዬ አድርጌ ቁልቁል አየሁ፤ መንገዱ እስከ ለገሃር ክፍት ነው። ለቀቅኩት። ሁለት መቶ ሜትር እንደሄድኩ የጭኔ የፊት ጡንቻ ሥራ አቆመ። ስሜቱን ለማስረዳት ይከብዳል። ትንፋሼ ሰላም ነው፣ ልቤ ሰላም ነው፣ እግሬ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ሊታጠፍ ይፈልጋል። ቁልቁል ስትሮጡ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደታችሁን እንደ ፍሬን ይይዛል። ሽቅብ ልምምድ ይህን አያስተምረውም። ያላስለመዳችሁት ጡንቻ በመጀመሪያው ዙር በዝምታ ይጎዳል፣ በሁለተኛው ይናገራል። ጥቁር አንበሳ ጋ አንድ ልጅ በእግሩ እየተራመደ ሊቀድመኝ ምንም አልቀረውም።

2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ።

ባልደረባዬ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። «ምንም አይደል» አለ፤ ይህ አባባል አንድ ነገር ሲኖር ብቻ የሚባል ነው። በማግስቱ ቢሮ ደረጃውን ወደ ኋላ ዞሬ ነው የወረድኩት።

እኔ ግን ከሐዋሳው 1 ሰዓት ከ54 ይልቅ በዚህኛው እኮራለሁ። ለመከራከርም ዝግጁ ነኝ። የሐዋሳው ሰዓት ከሜዳው ጋር የተካፈልኩት ነው። ይህኛው ግን ላይ ታቹን፣ ጎበዝ የሆንኩበትንም የሰነፍኩበትንም በሰከንድ ቆጥሮ ነገረኝ። ከመጀመሪያው ሙከራዬ 7 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የቀነስኩት በጉልበት አይደለም፤ ጉልበቴ በዚያች ጊዜ ውስጥ ያን ያህል አልተለወጠም። መንገዱን ስላወቅኩት ነው።

ስለዚህ ውድድር ለምታዘጋጁ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቲሸርቱን ትሰጡናላችሁ፣ የመንገዱን ካርታ ትሰጡናላችሁ፣ እናመሰግናለን። ከካርታው ሥር አንዲት መስመር ሳሉልን፤ የት ከፍ እንደሚል፣ የት ዝቅ እንደሚል የምታሳይ። በሌላው ዓለም የውድድር ድረ ገጾች ላይ የተለመደ ነገር ነው። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በአስር ኪሎ ሜትር ሩጫን የቀመሰው ሰው ብዙ ነው፤ ከእሱ ውስጥ 21 የሚመኘውም አለ። ይህ ሰው ዳገቱን ከመድረሱ በፊት ቢያውቀው ማንም አይጎዳም። እስከዚያው ግን ራሳችሁ እሑድ ማለዳ ወጥታችሁ በእግራችሁ አጥኑት። መንገድ ለሰው በሚባልበት እሑድ ከሆነ ደግሞ መኪናም አይገፋችሁም።

እኔ አሁን ቸርችል ላይ ነኝ። ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ፖስታ ቤት ቁልቁል እሮጣለሁ፣ ሽቅብ በእግሬ እመለሳለሁ፣ እንደገና ቁልቁል። ባለፈው ሳምንት አምስተኛው ላይ ፖስታ ቤቱ አካባቢ የሚቀመጥ ሊስትሮ ብሩሹን አስቀምጦ ጠራኝ።

«ብሮ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ሰማንያ ሰከንድ» አልኩት።

መሬቱን አየት አየት አደረገና ጫማ መጥረጉን ቀጠለ።