ቃኚ ያጣ ፒያኖ

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ጅማ በገባሁ ጊዜ፣ የእህቴ ልጅ እጄን ይዛ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ወሰደችኝ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ሳያባራ ይወርድ ነበር። ከመድረኩ ጥግ በአቡጀዲ የተሸፈነ አሮጌ ፒያኖ ቆሟል። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ 61 ቁልፍ ባላት ኪቦርድ የፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ዜማዎች በጆሮዋ ብቻ ለቅማ ትጫወታለች፤ መብራት ሲጠፋም ጣቶቿን በጠረጴዛ ላይ ታለማምዳለች። «አክስቴ፣ ስሚውማ» ብላ ብትነካው፣ ከመሃል ቁልፎቹ አራቱ እንደተጫኑ ቀሩ፤ የተመለሱትም ድምፃቸው እርስ በርሱ የማይስማማ ነበር።

የምኖረው ጀርመን፣ ላይፕዚግ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ፒያኖ አላት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ቃኚ ይመጣላታል። አንድ ቀን ፈቅዳልኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የፒያኖ ቁልፎች 88 ቢሆኑም ክሮቹ ወደ 230 ይጠጋሉ፤ አብዛኛው ድምፅ በሦስት ክር ነው የሚወጣው። ሰውየው ሁለቱን ክሮች በጨርቅ አፍኖ አንዱን ያቀናል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ለቆ፣ ሁለቱ ድምፆች ሲጋጩ የሚሰማው መንቀጥቀጥ እየዘገየ ሄዶ ጸጥ እስኪል ድረስ መፍቻውን በጥቂቱ፣ ለዓይን በማይታይ መጠን ያዞራል። ይህን ሙያ ለመማር በዚያ አገር ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ሕዝባዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቹም ከ900 በላይ ናቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን የትምህርት ቤቱ ብዛት ሳይሆን ይህ ቃኚ ነው። ክራር ደርዳሪ ከመጫወቱ በፊት ክሩን በገዛ እጁ ይቃኛል፤ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ ቅኝቱ የራሱ ነው። መሣሪያውን አንግቶም እልፍ ይላል። ፒያኒስት ግን ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው በቃኘው መሣሪያ ላይ የሚጫወት፣ ከሄደበት ቦታ ያገኘውን ፒያኖ ተቀብሎ የሚቀመጥ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ቃኚ በሌለበት ከተማ የልጅ ተሰጥኦ የቱንም ያህል ቢሆን ጆሮዋን በተዛባ ድምፅ ታሳድጋለች።

ጀርመናዊቷ ፒያኒስት ክላራ ሹማን እ.ኤ.አ. በ1819 ላይፕዚግ ተወልዳ፣ በ1828፣ ገና በዘጠኝ ዓመቷ፣ በከተማይቱ ታላቅ የኮንሰርት አዳራሽ ተጫውታለች፤ አባቷ የፒያኖ መምህር ከመሆኑም በላይ የፒያኖ ነጋዴ ነበር። የእኛው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በልጅነቱ ክራር ተጫውቶ፣ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፍያ ድረስ ሄዶ ተምሮ፣ በዓለም መድረክ የአገሩን ዜማ በፒያኖ እስከ ማሰማት ደረሰ። ይህን ርቀት ሳስብ ለእርሱ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

የእማሆይን ሕይወት ደጋግሜ ያነበብኩትም በዚሁ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ከሙዚቃ ጋር ተዋወቁ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ተመለሱ፤ ከዚያም ካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ተስፋቸው ሳይሳካ ሲቀር ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ በዚያ አምባ አሥር ዓመት ያህል ያለ ጫማ ሲኖሩ ከፒያኖም ርቀው ነበር። የመጀመሪያው ሸክላቸው የታተመው በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ነው። በ2006 የፒያኖ ሥራዎቻቸው በሲዲ ወጥተው ዓለም ሲያውቃቸው 80 ዓመት አልፏቸው ነበር፤ በ99 ዓመታቸው፣ በ2023፣ ኢየሩሳሌም ዐረፉ። ሙያቸው ከአገር አገር የዞረው ፒያኖ በተገኘበት ነው፤ ከጣታቸው የሚወጣው ግን የትም ይሁኑ የአገራቸው ዜማ ነበር።

ውጭ አገርም ቢሆን ለፒያኒስት ሁሉ የተመቻቸ አይደለም። ከኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም ከከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቁ፣ ቀኑን ሙሉ ልጆች እያስተማሩ ኪራይ የሚከፍሉ ብዙዎችን አውቃለሁ። ሆኖም መሣሪያቸው የተቃኘ ነው።

በማግስቱ ሄርማታ አካባቢ በርጩማ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ ለምኜ ወደ አዳራሹ አመጣኋቸው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ስለሆነ፣ እንጨት በእርጥበት ምን እንደሚሆን ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አይኖርም ብዬ ነው። አንዱን ቁልፍ ነቅለው፣ በቀዳዳው ዙሪያ የተለጠፈውን ቀይ ሱፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ «እንጨቱም ጨርቁም ውኃ ጠጥተዋል፤ ትንሽ ቦታ ነው የጠበባቸው» አሉኝ። ሱፉን በጉጠት ቀስ ብለው ጨፈለቁት። አራቱም ቁልፎች እየተጫኑ መመለስ ጀመሩ።

ክሮቹን ግን አልነኩም። «ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም፤ የሚያሳየኝ ካገኘሁ ግን እሞክረው ነበር፣ ልጄ» አሉ። የእህቴ ልጅ ተቀምጣ ከተስተካከሉት ቁልፎች አንዱን ብቻ ተጭና ያዘች። አዛውንቱ መሣሪያቸውን መሰብሰብ ትተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጡ።

«ይሄ አንድ ድምፅ ነው» ብለው ጠየቁኝ፣ «ወይስ ሦስት?»