ይድረስ ለክቡር የክብር እንግዳ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልተሰጠኝን ሜዳሊያ ስለመጠየቅ፣ እግረ መንገዴንም አንጀቴ ስለማረሩ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ዘግይቶ ከደረሰዎት እንዳይቀየሙኝ፣ ክብር ያለው ነገር ሁሉ ዘግይቶ እንደሚደርስ የተማርኩት ከእርስዎ ነው። መቼም አያውቁኝም። ባለፈው እሁድ ጎንደር ፒያሳ ላይ የየካቲት ፀሐይ ሲጠብሰው ከነበረው ሕዝብ መሀል አንዱ ነኝ፣ ያ የሯጭ ቁጥሩ ደረቱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈው፣ ለመርፌ ቁልፍ በጀት አልተያዘም ተብሎ። ለባነሩ ግን ተይዞ ነበር። ባነሩ ላይ ያለው ፎቶዎ ከፋሲል ግንብ ይበልጣል፣ ግንቡ ከጆሮዎ ኋላ ትንሽ ብቅ ብሎ ይታያል።

እርስዎን የማያውቅ ደግሞ ማን አለ። ምረቃ ላይ አሉ፣ ደም ልገሳ ላይ አሉ፣ ችግኝ ተከላ ላይ አሉ (ጉድጓዱ ተቆፍሮ ችግኙ ከነፌስታሉ እየጠወለገ ይጠብቅዎታል)፣ የእድር አዳራሽ ሲመረቅ ሳይቀር አሉ። ታናሽ እህቴ የተመረቀች ቀን እርስዎ እስኪመጡ ጋውን ለብሳ ቆማ ራሷን ስታ ወድቃለች። እሱን እኔ ትቼዋለሁ፣ እናቴ ናት ያልተወችው። የእሁዱ ግን ሌላ ነው ክቡር ሆይ፣ የእሁዱን አልተውም።

ለማስታወስ ያህል፣ ምክንያቱም የት እንደሄዱ ራስዎም እርግጠኛ አይመስሉኝም፣ ነገሩ የበጎ አድራጎት ማራቶን ነበር። ከከተማ ወጣ ብላ ላለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ዴስክ መግዣ። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነው የሚማሩት። ሙሉ ማራቶን ነው፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፣ ከፒያሳ ተነስቶ በወለቃ አድርጎ አስፋልቱን ይለቅና በጠጠር መንገድ ዳገት ለዳገት እስከ ትምህርት ቤቷ፣ ከዛ በመጣህበት ተመለስ። ጎንደር ራሷ ከባህር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ አገር ሜዳ የሚባለው ያለው ኳስ ሜዳ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ አንድ ጎሉ ዘመም ይላል።

ስለ ምዝገባው ብዙ አልልም፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ዳገት ለመሮጥ የአያት ስም፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትምህርት ደረጃ። ባንክ ክፈል፣ ደረሰኙን ኮፒ አድርግ፣ ኮፒውን ማህተም አስደርግ፣ ማህተሙን የያዘችው ልጅ ስልጠና ላይ ናት። ቲሸርቱ ኤክስ ኤል ብቻ ነው።

እሺ እሁድ። ጠዋት 1 ሰዓት ይጀመራል ተባለ። ሰዓቱን ያወጣው ሰው ነገሩ ገብቶታል፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ዳገቱን እንድንጨርስ ነው። እኔም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ በሶዬን በጥብጬ ሙዜን በልቼ 12 ተኩል ላይ ፒያሳ ነበርኩ። 1 ሰዓት ሆነ፣ ማይክ የያዘው ልጅ «ክቡር እንግዳችን መንገድ ላይ ናቸው» አለ። ሰውነት አሟሟቅን። 2 ሰዓት ሆነ፣ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው፣ እንደገና አሟሟቅን። ከአዘዞ ኤርፖርት ፒያሳ ድረስ ምን ያህል መንገድ እንዳለው ጎንደር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ባጃጅ እንኳ ሰው እየጫነ እያወረደ ይደርሳል። ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴ ሲሄዱ በአጠገባችን ያለፉ እናቶች ቅዳሴ ጨርሰው ሲመለሱ እዛው ቆመን አገኙን፣ አንዷ ቆም ብለው «ሩጫ ነው ያላችሁት ወይስ ለቅሶ?» አሉን። በ44ቱ ታቦት አገር ማንም ቀረ ማንም ዘገየ ቅዳሴ በሰዓቱ ይገባል፣ እርስዎን የሚጠብቅ ዲያቆን እስካሁን አልሰማሁም። ለሦስተኛ ጊዜ ስናሟሙቅ ከሚሮጡት ሁለቱ እግራቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ እነሱ ማራቶናቸውን እዛው ጨረሱ።

የደረሱት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ነገር ላስታውስዎት፣ ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2024 ኦሎምፒክ ያንን ዳገት የበዛበትን የፓሪስ ማራቶን በ2:06:26 ነው የጨረሰው። እኛ እርስዎን ስንጠብቅ እሱ ማራቶኑን ሮጦ፣ ወርቁን አጥልቆ፣ ሻወር ወስዶ ቁርሱን ይጨርሳል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ እንኳ ውድድሩ የተጀመረው ፀሐይዋ ካዘነበለች በኋላ ነው፣ ጨርሶ የገባውም በችቦ ብርሃን ነው። ሮማዎቹ ስለ ሙቀቱ አስበዋል። የኛዎቹም አስበዋል፣ ለእርስዎ ድንኳን ተክለዋል።

ከዛ ንግግሩ። ስፖርት ለጤና፣ ስፖርት ለወንድማማችነት ምናምን፣ እሺ፣ እሱን ለምደነዋል። ግን የጎንደርን ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1636፣ ፋሲለደስ ከተማዋን ከቆረቆሩበት ጀምረው ንጉሥ በንጉሥ መተረክዎ ምን ይባላል? የቆመው እኮ ጎንደሬ ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱ ጋ ሲደርሱ የግራ እግሬ ደነዘዘ፣ ቴዎድሮስ ጋ ሲደርሱ ሽንቴ መጣ። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ባንዲራውን አውለበለቡ፣ ያን ከሳጥን የወጣ ጫማዎን አድርገው ካሜራው እስካለበት ሮጡ፣ እውነቱን ለመናገር አሯሯጥዎ አይከፋም፣ ከዛ ቪኤይቱ በሩን ከፍቶ ይጠብቅዎት ነበር።

ውሃ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ተብሎ ነበር፣ በዓለም ሁሉ ያለውም ደንብ ይኸው ነው። እስከ ወለቃ አለ። አስፋልቱን ከለቀቅን በኋላ ጠረጴዛው አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ባነር አለ፣ ውሃው የለም። ውሃው ፒያሳ ድንኳኑ ውስጥ በእሽግ ተደርድሮ አይቼዋለሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አፌ ደርቆ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ሲጣበቅ አንዲት እናት ከግቢያቸው ወጥተው በጣሳ ውሃ ሰጡኝ፣ ጣሳዋ ጠርዟ ላይ ዱቄት ነበረባት፣ ሊጥ እያቦኩ ነበር መሰለኝ። ከላይ እስከታች አዩኝና «ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው እንዲህ የሚያሯሩጡህ? እነዛ በመኪና ያለፉት ናቸው?» አሉኝ። አዎ እማማ አልኳቸው። ምን ልበል፣ እውነታቸውን ነው።

መኪኖቹ ሁለቴ ነው ያለፉኝ፣ አንዴ ሲወጡ አንዴ ሲወርዱ፣ ሁለቴም አቧራ አለበሱኝ፣ ሁለቴም ጡሩምባ ነፍተው ከመንገዱ አስወጡኝ። ከራሴ የሩጫ መንገድ። ሲወጡ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ቢያንስ ትምህርት ቤቷን ሊያዩ ነው ብዬ።

ደረስኩ እንግዲህ ትምህርት ቤቷ ጋ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ናት፣ ዞረህ የምትመለሰው እዛ ነው። ልጆቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ከጠዋት 12 ሰዓት ጀምሮ። አሁን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል። የያዙት አበባ አንገቱን ደፍቷል፣ ትንንሾቹ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለዋል፣ ውሃ የለ ጥላ የለ፣ ቁርስ ያልበላ አለ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ አለ። መምህሩን ጠየቅኩት። መኪኖቹ ገቡ፣ ግቢው ውስጥ ዞሩ፣ ካሜራማኑ ብቻ ወርዶ ባነሩንና ልጆቹን ቀረጸ፣ ወጡ። መስታወቱ እንኳ አልወረደም። ታዲያ ለምን አልበተንካቸውም ስለው «ሊመለሱ ይችላሉ፣ አታስነሱ ተብለናል» አለኝ። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እኔን አቧራ ለብሼ ሳነክስ አየችኝና «እንግዳው አንተ ነህ?» ብላ አበባዋን ዘረጋችልኝ፣ መምህሩ እጇን መለስ አድርጎ «ያዢው፣ ለእሳቸው ነው» አላት። እሱም ምን ያድርግ።

እስኪ ንገረኝ፣ ወርደህ እጃቸውን ብትጨብጥ ምን ትሆን ነበር? ሁለት ደቂቃ! ለኔ አይደለም የምልህ፣ እኔ ወድጄ ነው የምሮጠው፣ ጤና ብዬ። እነዚህ ልጆች ምን በወጣቸው? ዴስክ ስለሌላቸው ነው ይሄ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው፣ በነሱ ስም ነው ብሩ የተሰበሰበው፣ በነሱ ስም ነው ድንኳን የተተከለው፣ አንተም በነሱ ስም ነው ከአውሮፕላን የወረድከው፣ እና በመጨረሻ መቀመጫ ልንገዛላቸው የመጣን ሰዎች ስድስት ሰዓት ሙሉ አቆምናቸው። ሼም ነው። ሼም የሚለውም አይገልጸው።

ይቅርታ ክቡርነትዎ። ወደ ሜዳሊያዬ ልመለስ።

ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግማሽ እየሮጥኩ ግማሽ እየተራመድኩ፣ አንድ ባጃጅ ከኋላዬ መጥቶ ቀስ አለ። ልጁ አንገቱን አውጥቶ፣

«ጋሼ ግባ ላድርስህ፣ ሩጫው እኮ አልቋል።»

«አላለቀም፣ እየሮጥኩ ነው።»

«ኧረ አልቋል፣ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል፣ ይኸው።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። እውነትም ወጥቷል። «ታላቁ የበጎ አድራጎት ማራቶን ክቡር እንግዳው በተገኙበት በደማቅ ሁኔታ ተጠናቀቀ።» ከስር እርስዎ ሲሮጡ የሚያሳይ ፎቶ፣ ከስር ሁለት መቶ ምናምን ላይክ፣ ከስር ደግሞ አንዱ «ክቡርነትዎ ጽናትዎ ያስቀናል» ብሎ ጽፏል። ፎቶው ላይ ጥግ በኩል የኔ ክርን ይታያል። እኔ ዳገት ላይ ነኝ፣ ክርኔ በደማቅ ሁኔታ ተጠናቋል። ኋላዬ ደግሞ ሌሎች ነበሩ፣ አንድ የጡረታ ዕድሜ ያለፋቸው አባት ሁሉ ነበሩ ከዘራቸውን ይዘው፣ እነሱም ሳያውቁት ተጠናቀዋል።

ባጃጁ ውስጥ አልገባሁም። እልህ ነው።

ፒያሳ ስደርስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። የመጨረሻዋን 195 ሜትር ወረፋ በያዙ ባጃጆች መሀል እየተሽሎኮለኩ ነው የሮጥኳት። ያ በነፋስ የሚሞላው ትልቁ በር ተንፍሷል፣ ሁለት ጎረምሶች ነፋሱ ጨርሶ እንዲወጣ ላዩ ላይ ተቀምጠው እያጠፉት ነው፣ እጄን ዘርግቼ ልገባ ስል አንዱ ብድግ ብሎ «ቁም! ቁም! አትርገጠው፣ የኪራይ ነው!» አለኝ። ቆምኩ። 42 ኪሎ ሜትር ሮጬ በሩ ጋ ተቆጡኝ። ሰዓት የሚመዘግብ ሰው ስፈልግ አንድ ወንበር የሚጭን ልጅ አገኘሁ፣ ሰዓቴን መዝግቡልኝ አልኩት። ስልኩን አየና «ዘጠኝ ከሠላሳ» አለኝ። እንግዲህ ሪከርዴ እሱ ነው።

ሜዳሊያውስ? አልቋል። እንዴት ያልቃል፣ በተመዘገበው ሰው ልክ አይደል የታዘዘው? «ለእንግዶች ምስጋና ተሰጠ» አለኝ። በኋላ ፎቶውን አየሁት፣ ድንኳኑ ውስጥ ከእርስዎ ጀምሮ በረድፍ አጥልቃችኋል፣ አጃቢዎቹ፣ ፕሮቶኮሉ፣ ማይክ የያዘው ልጅ፣ ሹፌርዎ። ሹፌርዎ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እሱ ቢያንስ ኮርሱን ጨርሷል።

ሰኞ እያነከስኩ አዘጋጆቹ ቢሮ ሄድኩ። ፎቅ ነው፣ ሦስተኛ። «መሮጥዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አለዎት?» አለችኝ አንዲት ሠራተኛ። ቁጥሬን አሳየኋት። «ይሄ መመዝገብዎን ነው የሚያሳየው፣ መጨረስዎን አያሳይም።» እግሬን ላሳይ? አልኳት፣ ሁለት ጥፍሬ ጠቁሯል። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ቀበሌ ሄድኩ፣ የቀበሌው ሰው መነጽሩን አውልቆ «ወንድሜ፣ አንተ መሮጥህን እኔ በምን አውቃለሁ፣ ከአዘጋጆቹ ደብዳቤ አምጣና ጽፈን እንሰጥሃለን» አለኝ። ተመለስኩ። ማህተሙን የያዘችው ልጅ አሁንም ስልጠና ላይ ናት።

እግረ መንገዴን ጠየቅኩ፣ የድንኳኑ፣ የባነሩ፣ የምሳው፣ የነፋስ በሩ ኪራይ ሲቀነስ ለስንት ዴስክ ተረፈ ብዬ። «ሪፖርቱ እየተጠናቀረ ነው» ነው የተባልኩት። በቅርቡ ዴስኮቹ በእርስዎ እጅ የሚረከቡበት ደማቅ ሥነ ሥርዓት ይኖራል አሉ። እንግዲህ ልጆቹ እንደገና ሊሰለፉ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሜዳሊያዋን ለሹፌርዎ ይስጡልኝና ፒያሳ ባጃጅ መጫኛው ጋ ይተውልኝ፣ እኔ አገኛታለሁ። ለርክክቡ ቀን ደግሞ እባክዎ ይቅሩ። ከነመኪናዎ፣ ከነንግግርዎ ይቅሩ። ዴስኩን አይሱዙ ላይ ጭነን እኛው እናደርሰዋለን፣ ዳገቱን መቼም ለምደነዋል።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

ያልተጠናቀቀው ሯጭ

ግልባጭ፦
ለማህተም ያዥዋ (ከስልጠና ስትመለስ)
ለቴሌግራም ገጹ አስተዳዳሪ፣ ከዘራ የያዙት አባት ማታ 12 ሰዓት ላይ መግባታቸውን እንዲያውቀው
ለመዝገብ ቤት