ተሳቢ አልሆንም ላሉ ጀግኖች

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አለቃችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ እኛም ጎንበስ አሉ። «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» አሉ፤ በእናንተና በእኔ መካከል ይቅር ማለታቸው ነው። ከዚያ ምስጢሩን በአማርኛ ቀጠሉት። ምስጢሩ የሻይ ክበቡ ማኪያቶ ሊጨምር መሆኑ ነበር። አስተናጋጇ ከነገረችን ሳምንት ሆኖታል።

እኔ ግን ምስጢሩን በቅጡ አልሰማሁም። «አይ» ላይ ቀርቼ ነበር። ድፍረቱ ገርሞኝ! ተራ ሰው ቢሆን «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» ብሎ ያልፋል፤ ሰዋስው የሚያዘው እንደዚያ ነውና። አለቃችን ደግሞ ያዘዟቸውን ሁሉ የሚያደርጉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ዛሬ እሳቸውንና መሰሎቻቸውን ላመሰግን ተነሥቻለሁ። እስከ ዛሬ ከእርማት በቀር የደረሳቸው ነገር የለም።

ነገሩ ለራቀው ላስረዳ። እንግሊዝኛ ለ«እኔ» ሁለት ቃል አለው። ባለቤት ሲሆን «አይ»፣ ተሳቢ ሲሆን ወይም ከመስተዋድድ (እንደ «ቢትዊን» እና «ፎር» ካለ ቃል) ኋላ ሲመጣ «ሚ»። ያው «አበበ በሶ በላ» ላይ የተማርነው ነው። አበበ ባለቤት፣ በሶው ተሳቢ። አንዱ በላ፣ አንዱ ተበላ። አሁን እውነቱን እንነጋገር፤ በሶ መሆን የሚፈልግ ማን ነው?

ቃሉን ራሱን ስሙት። «ባለቤት»። ቤት አለው። ካርታ አለው። ምናልባት ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ያከራያል። «ተሳቢ»ስ? ከከባድ መኪና ኋላ ተቀጥሎ ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ ብረት። ሞተር የለው፣ መሪ የለው፣ የሚሄድበትን የሚወስንለት ሌላ። ዲግሪ የያዘ ሰው በገዛ አፉ «ሚ» ብሎ ራሱን ከኋላ ይቀጥል?

አጻጻፉም ያው ነው። ፈረንጅ «አይ»ን ዓረፍተ ነገር መሀል ሲያገኘው እንኳ በትልቅ ፊደል ይጽፈዋል። «ሚ» መሀል ከገባች በትንሽ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህን ክብር አናውቀውም። እኛ «አንቱ»ን ያገኘነው ለሌላ ሰው እንድንሰጥ ነው። እንግሊዝኛ ለራስህ አንቱ የምትልበትን በር ሲከፍትልህ ግን ዝም ብሎ ማለፍ ንፉግነት ነው።

ጀግንነቱ በአንድ ቀን አልመጣም። የተወለደው ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ እጁን አወጣ። «ሚ ኤንድ አበበ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት» አለ። መምህሩ አቋረጡት። «አበበ ኤንድ አይ!» ልክ ናቸው፤ ገበያ የሄዱት ሁለቱ ናቸው፣ ባለቤት ናቸው። ምክንያቱን ግን አልነገሩትም። ደወሉ ሊደወል ነበር፣ ክፍሉም ሰው ሞልቶበታል። ልጁ ይዞ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሚ» ያለ በማስመሪያ ይመታል። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሚ» በምትኖርበት ሰፈር አላለፈም። «ሂ ኮልድ አበበ ኤንድ አይ» ይላል። «ኢት ኢዝ ፎር አበበ ኤንድ አይ» ይላል። አበበም ምስኪን የትም አብሮት ይዞራል።

ይህ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ማኅበሩ ትልቅ ነው፤ ቋንቋው አገር ያሉ ልጆችም እንዲሁ ታርመው ነው ያደጉት። ቢል ክሊንተን በ1992 እ.ኤ.አ. ምክትሉ ሊሆን ከቀረበው ከአል ጎር ጋር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር «ጊቭ አል ጎር ኤንድ አይ ኤ ቻንስ» ብሎ ሕዝቡን ለመነ። ሕዝቡም ዕድሉን ሰጠው። ኦባማ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. በተመረጠ ሰሞን ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ቡሽ «ሚሼል ኤንድ አይ»ን እንደጋበዙ ገልጾ አመሰገነ። ጋባዡ ቡሽ ናቸው፤ እሱና ሚሼል ተጋባዥ። በሰዋስው ከሄድን ተሳቢ። ግን ፍረዱ፤ የዋይት ሀውስ ባለቤት ለመሆን ሁለት ወር ተኩል የቀረውን ሰው ማን ተሳቢ ያደርገዋል?

ከሁለቱም በፊት ሼክስፒር አለ። «የቬኒሱ ነጋዴ» ላይ አንቶኒዮ ለወዳጁ ለባሳኒዮ ደብዳቤ ይጽፋል። ዕዳው ሁሉ «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ተሰርዟል ይለዋል። ልብ በሉ፤ ሰውየው ራሱ ለሌላ አበዳሪ ባለበት ዕዳ ከገላው አንድ ፓውንድ ሥጋ ሊቆረጥበት ነው። ሞት ደጁ ቆሞ ስለ ተውላጠ ስም አይጨነቅም። የእኛ አለቃ ግን ሞትም ዕዳም ሳይኖርባቸው፣ ስለ ማኪያቶ ዋጋ ሲያወሩ ነው ያሉት። የማን ድፍረት ይበልጣል?

እንዲያውም «ዩ» ራሷ ጉደኛ ናት። ዱሮ ተሳቢ ነበረች። ባለቤቱ «ዪ» የሚባል ሌላ ቃል ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዮሐንስ 15፥16 ላይ ብትገልጡት ሁለቱም አሉ። መራጮቹ እናንተ ስትሆኑ «ዪ»፣ የተመረጣችሁት ስትሆኑ «ዩ»። ከዚያ ተሳቢዋ ቀስ እያለች ገባች። ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣች፤ ካርታውንም በስሟ አዞረች። ዛሬ «ዪ» ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። ይህን ያየ ሰው ተሳቢነትን ቢሸሽ ይፈረድበታል?

በዚህ ዘርፍ መካከለኞችም አሉ። «አይ» ልበል ወይስ «ሚ» ብለው ሲጨነቁ ያድሩና በመጨረሻ «ማይሰልፍ» («ራሴ») ውስጥ ይደበቃሉ። «ፕሊዝ ኮንታክት ዘ ሴክሬታሪ ኦር ማይሰልፍ»። ከማንም ጋር አልተጣሉም። ገለልተኞች ናቸውና አልፋቸዋለሁ።

ልዩ ሜዳሊያ የምሰጠው ግን ስልክ አንሥተው «ሁም ሻል አይ ሴይ ኢዝ ኮሊንግ?» ለሚሉት ነው። «ማን ደወለ ልበል?» ማለታቸው ነው። ለ«ማን» ባለቤቱ «ሁ»፣ ተሳቢው «ሁም» ነው። እዚህ የሚፈለገው «ሁ» ነው፤ ደዋዩ የድርጊቱ ባለቤት ነዋ፣ ሳንቲሙን የከፈለው እሱ። ጀግናው ግን «አይ» ብሎ ራሱን በባለቤትነት ካስቀመጠ በኋላ ደዋዩን «ሁም» ብሎ ተሳቢ ያደርገዋል። ገና ስሙን ሳይጠይቀው! ቢሮ ማለት ይህ ነው።

ምቀኛ መቼም አይጠፋም። በዚያው ስብሰባ ላይ አንዲት ለልምምድ የመጣች ልጅ መፍትሔ አለኝ ብላ ተነሣች። «ሌላውን ሰው አውጡትና ብቻችሁን ቁሙ» ትላለች። «ጊቭ አይ ኤ ቻንስ» ይባላል? አይባልም። ስለዚህ አል ጎር ሲመለስም «ሚ» ነው። «ሂ ኮልድ አይ» ይባላል? አይባልም። አበበ ሲገባም ያው ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን በአገራችን እንግዳን አስወጥቶ ብቻ መቆም የት ያለ ባህል ነው? አበበ ምን አድርጎ?

ልጅቷ ግን አልበቃትም። «እሺ፣ በአማርኛ በሉት» አለች። አማርኛው «እኔን» ካለ፣ ወይም «ለእኔ»፣ «ከእኔ»፣ «በእኔ» ካለ እንግሊዝኛው «ሚ» ነው አለች። «በአንተና በእኔ መካከል» ስንል «በ»ዋን ለሁለቱም እናድላለን፤ የሚያመልጥ የለም። «አበበንና እኔን ጠራን» ስንል «ን»ዋ ከሁለቱም ትለጠፋለች። ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅ እንኳ «አበበንና እኔ ጠራን» አይልም። ምንም ማስመሪያ ሳያይ። ስለዚህ መልሱን አብረን ይዘነው ነው የምንዞረው ትላለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ ግራመር ሌላ፣ አማርኛ ሌላ» አሏት። እኔም ልቤ አብሯቸው ነበር። እንግሊዝኛ የምንናገረው እንዲገባን ከሆነማ ምኑን እንግሊዝኛ ሆነ።

አንድ ጊዜ ብቻ አሳዝነውኛል፤ አልደብቅም። የዚያኑ ዕለት በእረፍት ሰዓት ማኪያቶ ስናዝ ሒሳብ ሹሟ «ለእኔ ጠቆር ያለ» አለች። አለቃችን ከኋላ «ሚ ቱ!» አሉ። ደነገጥኩ። ስንት ዓመት የተገነባ ክብር! «አይ ቱ» ቢሉ ምን ይላቸው ነበር? ረኀብ ይሆናል ብዬ ይቅር አልኳቸው። ደግሞም «አይ ቱ» ቢሉ አስተናጋጇ «አይ»ን በአማርኛ ሰምታ ትተዋቸው ነበር።

ወደ ስብሰባው ስንመለስ ደረጃው ገና ታጥቦ እርጥብ ነው። ያቺ ልጅ ማስታወሻዋን አቅፋ ከፊታችን ትወጣ ነበር። አዳለጣት። ወረቀቱ ተበተነ፤ እሷም በጉልበቷ ወደቀች። ከሁላችንም ቀድመው የደረሱት አለቃችን ናቸው። መነጽራቸው ወድቆ፣ ከረባታቸው ተጣሞ፣ ክንዷን ይዘው እያነሷት ነበር።

«እኔን! እኔን ልጄ!» አሉ። ከነ«ን»ዋ፣ ሁለት ጊዜ።